በጠመኔ ያሰመርኩት ሰዓት

የፀሐይ ሰዓቱ የተተከለ ጊዜ አሥር ዓመቴ ነበር፤ አንድ ቦታ መቆም የማይሆንልኝ ልጅ ነበርኩ። እየበላሁ ጫማዬን አስራለሁ፤ ጫማዬን እያሰርኩ በር እከፍታለሁ፤ በሩን ሳልዘጋ ጎረቤት ደርሻለሁ። አያቴ ስሜን ትቶ «ጥድፊያ» ይለኝ ነበር። «ጥድፊያ፣ እስቲ ነይ» ካለ ሥራ አለ ማለት ነው። ሥራውም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ የሆነ ነገር ማንበብ።

ደብዳቤ አነብለታለሁ። የተማሪዎቹን የፈተና ወረቀት አነብለታለሁ፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማና «ሰባት ስጪው፤ የመጨረሻዋን ባያጣድፋት ስምንት ነበር» ይለኛል፤ እኔ በቀይ እስክሪብቶ እጽፋለሁ። አንዳንዴ የቅየሳ መሣሪያ ቤት ይዞ ይመጣል። ጓሮ ውስጥ በሦስት እግሩ ያቆመውና በቀዳዳው እያየሁ ቁጥሩን እንድጠራለት ያደርጋል። «መነጽሬን የት አባቱ ጣልኩት» ይላል ሁልጊዜ። መነጽሩ ደረት ኪሱ ውስጥ ነው፤ ይታየኛል። ሰነፍ ሰው ነው ብዬ ደመደምኩ። እኔ ጎበዝ፣ እሱ ሰነፍ፤ ስለዚህ ያለ እኔ አይሆንለትም።

ሰነፍ አልነበረም። የዓይኑ መሃል እየጠፋ ነበር። ዳር ዳሩን ያያል፤ በር አይስትም፣ ደረጃ አያደናቅፈውም፣ ከሩቅ የሚመጣን ሰው በአረማመዱ ይለያል። ቀጥ ብሎ የተመለከተውን ነገር ግን አያገኘውም፤ ፊደልን፣ ቁጥርን፣ ቀጭን መስመርን። አንገቱን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጎ የሚያየው ለዚህ ነበር። እኔ ደግሞ የትልቅ ሰው ኩራት መስሎኝ መስታወት ፊት ቆሜ አንገቴን እንደሱ አዘነብል ነበር።

በቅየሳ ማሠልጠኛ ተቋም ሠላሳ አምስት ዓመት አስተምሯል። ተማሪዎቹ «ሚሊሜትር» ይሉታል። ከኋላው ነው የሚሉት፤ እሱ ግን ይሰማል። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ «ሚሊሜትር መጣ፣ ግቡ ግቡ» ሲሉ ሰምቶ «ቀስ ብላችሁ ግቡ፤ ገና አሥር ሜትር ይቀረኛል» አላቸው። የምንኖርበት ቤት የተቋሙ ነበር፤ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ከተደረደሩት የመምህራን ቤቶች የመጨረሻው። ሦስት ነበርን፤ እሱ፣ እናቴና እኔ።

አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ሳሎን ውስጥ ልብስ ትተኩሳለች፤ እኔ ውጭ ከመስኮቱ ሥር ቁጢጥ ብዬ ጉንዳን እከተላለሁ። የተተኮሰ ጨርቅ ሽታ በመስኮቱ ይመጣል። አያቴ ወንበሩ ላይ ነው።

«እስከ መቼ ነው የምትደብቀው አባዬ?» አለች እናቴ።

«ልጆቹ እስኪመረቁ።»

«ሦስት ወር ነው እኮ።»

«ሦስት ወር ምን አላት።»

«እሷስ ብታወራ? አፏ እንደሆነ አይያዝም።»

«ምኑን አውቃ ነው የምታወራው? አልነገርናትም።»

ጉንዳኖቹን ተውኳቸው። የሚደበቅ ነገር አለ፤ ለእኔ አልተነገረም፤ ሦስት ወር ይቀረዋል። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ልደቴ ነው። ሳይክል ነው ብዬ ወሰንኩ፤ ወስኜም አላበቃሁ፤ አልጋ ሥር፣ ዕቃ ቤት፣ ከውሃ ጋኑ ጀርባ ሳይቀር ፈለግኩት።

የደበቁት ምን እንደሆነ ዛሬ ለማንም ግልጽ ነው። አያቴ የትምህርት ዓመቱን ጨርሶ በወጉ ጡረታ ከወጣ ቤቱን ለሁለት ዓመት ሊያቆዩለት ተስማምተው ነበር። በጤና ጉድለት መሃል ላይ ከተሰናበተ ግን በወሩ ቁልፍ ማስረከብ ነው። ከቤቱም በላይ የመጨረሻዎቹን ተማሪዎቹን ሳያስመርቅ መውጣት አልፈለገም። ያ ሁሉ በእኔ አንደበትና በእኔ ዓይን ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ እኔ ሳይክል እፈልጋለሁ።

የፀሐይ ሰዓቱን ነገር ያመጣው ዲሬክተሩ ነው። የአያቴ ተማሪ የነበረ፣ ገና ወጣት፣ ሲራመድ ቁልፍ የሚያንሿሿ ሰው ነበር። በዋናው ሕንፃ ፊት ለፊት የነበረውን የመኪና ማቆሚያ አስነቅሎ ሣርና ጽጌረዳ አስተከለበት። ከዚያ ቤታችን ድረስ መጣ።

«ጋሼ፣ የአትክልቱ መሃል ባዶ ሆነብኝ» አለ። «ከመውጣትዎ በፊት የእርስዎ እጅ ያረፈበት ነገር ቢኖረን ብዬ ነው።»

«ሐውልቴን አትትከልብኝ እንጂ ሌላው ቀላል ነው» አለ አያቴ።

«የፀሐይ ሰዓት ይሁን? መጀመሪያ ዓመት እኮ አስተምረውናል፤ እኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም።»

«አንተማ መቼ ትገባ ነበር። ከኋላ ወንበር እንቅልፍህን ነበር የምትለጥጠው።»

ተሳሳቁ። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አያቴን ዓይን ዓይኑን አየችው። እሱ ግን እሺ ብሏል። እንዴት እምቢ ይላል? ቀያሽ ሆኖ የፀሐይ ሰዓት ትከል ሲባል እምቢ የሚል ሰው ምክንያቱን ይጠየቃል።

ድንጋይ ጠራቢው ወገብ የሚደርስ ምሰሶ ሠራ። ላዩ ላይ እንደ ጠረጴዛ የሰፋ ለስላሳ ጥቁር ድንጋይ አጋደመ። እጁ የሻከረ፣ ድምፁ የለሰለሰ ሰው ነበር፤ «ኢንጂነሯ» ይለኛል። ጠመኔ የሰጠኝም እሱ ነው፤ ከኪሱ አውጥቶ፣ አቧራውን በሱሪው ጠርጎ።

አያቴ ውሃ ልኩን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠና «አረፋዋ የት ናት?» አለኝ።

«መሃል።»

«መሃል ማለት የት?»

«በሁለቱ መስመር መሃል።»

«ለየትኛው መስመር ትቀርባለች?»

እየደጋገመ ጠየቀኝ፤ እየተነጫነጭኩ መለስኩ። ሰሜንን ለማግኘት አንድ ሙሉ ቀን ፈጀ። ድንጋዩ ላይ ቀጥ ያለ ዱላ አቆመ፤ ጫፉ ላይ ክብደት በታሰረበት ክር፣ በቱምቢ፣ አስተካከለው፤ በሲባጎ ክብ አስነደፈኝ። ጠዋት የዱላው ጥላ ጫፍ ክቡን ሲነካ ምልክት አደርጋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ እንደገና ሲነካ ሌላ ምልክት። የሁለቱ ምልክቶች መሃል ሰሜንን ያሳያል። ያን ቀን እሱ አጠገቤ ስለነበር ሥራዬን በትክክል ሠራሁ።

«ኮምፓስ እያለ ለምን ቀኑን ሙሉ እንጎለታለን?» አልኩት።

«ኮምፓስ ብረት ባየ ቁጥር ልቡ ይሸፍታል» አለኝ።

ከዚያ ጥላ የሚጥለውን የብረት ዘንግ ተከለ። ዘንጉ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ወደ ሰሜን ተጋድሞ ነው የሚተከለው፤ የሚጋደምበትም ልክ እንደ አገሩ ይለያያል። አያቴ ልኩን በሦስት ማዕዘን ጣውላ ቆርጦ አምጥቶ ነበር። ሲሚንቶው ሳይደርቅ ጣውላውን ከዘንጉ ሥር አስገብቶ አውራ ጣቱን በመካከላቸው እያንሸራተተ ቆየ። ድንጋይ ጠራቢው ውሃ ሊቀዳ ሄዶ ነበር። ሰው ፊት ምንም ነገር በጣቱ እንደማይዳስስ ያኔ አላስተዋልኩም። «ወረቀት አያሳልፍም» አለ ለራሱ፤ ፊቱ በራ። እንደዚያ ሲበራ ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

የቀረው መስመሮቹ ናቸው።

«ቅዳሜ እኔ ከተማሪዎቹ ጋር መስክ ነኝ» አለኝ። «አንቺ ደወሉ በተደወለ ቁጥር ትሄጂያለሽ። የዘንጉ ጥላ ያረፈበት ጠርዝ ላይ ነጥብ ታደርጊና ከዘንጉ ሥር እስከ ነጥቡ ታሰምሪያለሽ። ጠዋት ከአንድ ሰዓት እስከ ማታ አሥራ አንድ። አንድም ደወል እንዳያመልጥሽ።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ፀሐይን ቀድሞ የደረሰ የለም፣ ጥድፊያ።»

ቅዳሜ ተኝቼ አረፈድኩ። አንድ፣ ሁለትና ሦስት ሰዓት አመለጡኝ። አራት ሰዓት ላይ ደወሉ ሲደወል ጎረቤት ገመድ እዘልል ነበር፤ ተራዬ ስለነበር አልሄድኩም። አምስትንም እንዲሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ግን እየሮጥኩ ሄድኩ። ሣሩ ገና ውሃ ጠጥቶ ነበር፤ ጫማዬ ረጠበ። ጥላው ከዘንጉ ሥር ቀጥ ብሎ ሰሜንን ያመለክታል። አሰመርኩት። መስመሩ ድንጋዩን ለሁለት እኩል ከፈለው፤ በቀኝና በግራ የቀረውን ባዶ ቦታ አየሁ።

በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ በፕሮትራክተር ማዕዘን መለካት ተምረን ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ አለ። መቶ ሰማንያ ዲግሪ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሲካፈል አሥራ አምስት። በጭንቅላቴ ነው ያካፈልኩት። ልቤ ዘለለ፤ አያቴ፣ ያ ሁሉ ተማሪ የሚፈራው ሚሊሜትር፣ ይህን ቀላል ነገር አላሰበውም። ፕሮትራክተሩን ዘንጉ ሥር አስቀምጬ በአሥራ አምስት በአሥራ አምስት ዲግሪ ሁሉንም አሰመርኩ። ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ሲያልቅ እንደ ተዘረጋ ማራገቢያ ያምር ነበር። ወደ ገመዴ ተመለስኩ።

ሰባት ሰዓት ሲደወል አንዴ ልየው ብዬ ሄድኩ። ጥላው የሰባት መስመሬ ላይ አልደረሰም፤ ገና ከስድስት ፈቀቅ ማለቱ ነው። ደወል ደዋዩ ምሳ ስለራበው አስቀድሞ ደወለ አልኩ። ይህን አልኩ ብቻ ሳይሆን አመንኩት።

በፀሐይ ሰዓት ላይ መስመሮች እኩል አይራራቁም። ወደ ስድስት ሰዓት ሲቃረቡ ይጠባበቃሉ፤ ጠዋትና ማታ ይሰፋፋሉ። ይህን የማያውቅ ሰው ሁሉ የሚሠራው ስህተት የእኔው ስህተት ነው። ልዩነቱ እኔ የማውቀው ሰው ነበረኝ፤ የሚያውቀውም ሰው ማድረግ ያለብኝን ነግሮኝ ነበር።

ሰኞ ድንጋይ ጠራቢው መሮውን ይዞ በጠመኔዬ ላይ መጥረብ ጀመረ። አያቴና እኔ ቆመን እንሰማለን፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። የድንጋይ ብናኝ ጽጌረዳው ላይ ይነጠፋል።

«ሥራ ማለት ይሄ ነው ጋሼ» አለ ሰውየው ቀና ብሎ። «እኩል፣ እኩል፣ እኩል። በማሽን የተሰመረ ነው የሚመስለው።»

«እኩል?» አለ አያቴ።

«እኩል ነው። ኢንጂነሯ እጇ አይንቀጠቀጥም።»

አያቴ አንገቱን ወደ እኔ ዘንበል አደረገ። «በደወሉ ነው አይደል ያሰመርሽው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እያንዳንዱን?»

«እያንዳንዱን።»

እጁ ወደ ድንጋዩ ተነሳ። ድንጋይ ጠራቢው እያየው ነበር። አያቴ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተው። አሥር ሴኮንድ ይበቃው ነበር፤ ሁለት መስመር በጣቱ ቢለካ ሁሉንም ያገኘው ነበር። ግን ሰው ነበረ፤ እኔም አዎ ብያለሁ።

ለነገሩ ያን ቀን ፈተነው። ስድስት ሰዓት ሲደወል «ጥላው የት ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ድንጋይ ጠራቢው ራሱ «ስድስት ላይ ነው ጋሼ፤ ፀጉር አይሞላም» አለው። እውነቱን ነው። ሌላው ሁሉ ተሳስቶ ያቺ አንዷ መስመር ብቻ ልክ ነበረች። እሷን የጠየቀው ደግሞ ስድስት ሰዓት ላይ ክፍል ስለማይኖረው ነው።

የፀሐይ ሰዓቱ ምረቃ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሆነ። እናቴ ፀጉሬን ቆዳዬ እስኪወጠር ሠራችኝ። ተማሪዎቹ በሦስት ረድፍ ተሰልፈዋል፤ መምህራኑ ወንበር ላይ ናቸው፤ የፀሐይ ሰዓቱ የምግብ አዳራሹን የጠረጴዛ ልብስ ለብሶ ሙሽራ መስሏል። አያቴ ጥቁር ኮቱን ለብሶ ከጎኑ ቆመ። እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ መቼ ነው የሚገልጡት እያልኩ እግሬን አወዛውዛለሁ። ሥራዬ እኮ ነው። ማንም እስካሁን ስሜን አልጠራም።

ዲሬክተሩ ተናገረ፤ ረዘመ። ከዚያ ደወሉ ተደወለ። ሁለት ሰዓት። ጨርቁን ሳበው።

«ጋሼ» አለ እየሳቀ፤ «እኔ ዛሬም አልገባኝም፤ እርስዎ ያንብቡልን።»

አያቴ ወደ ድንጋዩ ጎንበስ አለ። አንገቱን አዘነበለ፤ ጥቂት ቆየ፤ በደንብ እንዳየ ሰው ቀና አለ።

«ሁለት ሰዓት» አለ። «ልክ።»

ጥላው አምስት ላይ ነበር። ለጥቂት አልነበረም፤ ድንጋይ ጠራቢው ጠርቦ ነጭ የቀባው አምስት ቁጥር ላይ እንደ ጣት ተጋድሟል። ከፊት ረድፍ አንድ ተማሪ ሳቀ፤ አፉን ያዘ። ከኋላው ያለው «ሚሊሜትር በሦስት ሰዓት ሳተ» አለ በሹክሹክታ፤ ሹክሹክታው ግን ለሁላችን ተሰማን።

«ጋሼ» አለ ዲሬክተሩ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «ጥላው አምስት ላይ ነው።»

የአያቴ እጅ የኮቱን ቁልፍ ሲያዞር አየሁ። ዲሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ መውጫ ሊሰጠው ፈለገ። «መስመሮቹን ማን ነው ያሰመራቸው? ሠራተኛው ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ አያቴ።

እዚህ ላይ የማስታውሰው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ንዴት። ሰዉ የሳቀው ስላማረው መሰለኝ። አምስት ሁለት የሚሉት የትልልቅ ሰዎች ጣጣ ነው። እኔ የገባኝ ይህ ነው፤ ማን ሠራው ተባለ፤ አያቴ እኔ ነኝ አለ፤ ሰረቀኝ።

ወንበሩ ላይ ቆምኩ። «ውሸቱን ነው» አልኩ። «እኔ ነኝ ያሰመርኩት። እሱ መስመር አያይም። ምንም አያነብም። ፈተናውንም የማርመው እኔ ነኝ፤ ሁሉንም የማነብለት እኔ ነኝ።»

እናቴ እጄን ይዛ ስታስቀምጠኝ ጥፍሯ ተሰማኝ። ማንም አልሳቀም። ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ የተሰጣቸውን ውጤት እያሰቡ እንደነበር ዛሬ እገምታለሁ። ዲሬክተሩ አያቴን ለረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ ሁለት ጣቱን አነሳና በአያቴ ዓይን ፊት ለፊት በዝግታ አሳለፈ። አያቴ ዓይኑን አላንቀሳቀሰም። ዲሬክተሩ እጁን ዝቅ አደረገና ክርኑን ያዘው።

ወደ ቤት ስንሄድ አያቴ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። ሰው ፊት እንደዚያ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነበር። «ቀስ በይ» አለኝ። ትንሽ ሄድንና «በደወሉ ነው አይደል ያሰመርሽው?» አለ።

«አዎ» አልኩ። አሁን ንዴቴ አልፎ ፈርቼ ነበር።

«እሺ» አለ። ከዚያ በኋላ ጠይቆኝ አያውቅም።

በወሩ ዕቃችንን በካርቶን አሰርን። እኔ ዲሬክተሩ ቀንቶብን ነው የሚያስወጣን ብዬ አምኜ ነበር። የመጨረሻው ካርቶን ሲታሰር ቤቱ ባዶ ሆኖ ድምፃችን ያስተጋባል፤ እናቴ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ገመድ ትቋጥራለች።

«ሳይክሌስ?» አልኳት።

«የምን ሳይክል?»

«የደበቃችሁት።»

ገመዱን ለቀቀችው። «የደበቅነውንማ ሐሙስ ዕለት አንቺው አወጣሽው» አለችኝ። ቁጣ አልነበረበትም። እንደተቆጣች ብትነግረኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ክፍል ቤት ተከራየን። እናቴ ሁለት ቦታ መሥራት ጀመረች፤ ጠዋት ሆስፒታል ካርድ ክፍል፣ ከሰዓት በኋላ የሰው ልብስ መተኮስ። ተማሪዎቹ ያለ አያቴ ተመረቁ። ፈተናውን ደግመው እንዲወስዱ ተደርጎ ነበር አሉ። የእኔን አፍ እናቴ ይቅር አለችው፤ ሕፃን ነች ብላ። ይቅር ያላለችው ዘንጉን ነው። «ያን ዘንግ አጣሞ ባይተክለው ኖሮ ማንም ምንም አያውቅም ነበር» ትላለች፤ ሰው ሲመጣ ትላለች፤ ስትደክም ትላለች። አያቴም «ተጣሞብኛል» ይላል። ሚሊሜትር «ተጣሞብኛል» ይላል። እኔ ያንን እየሰማሁ እራቴን እበላለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ቀመሩን አገኘሁት፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ሌላ ነገር ስፈልግ። ቁጥሮቹን አስገባሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ትክክለኛው ጥላ ከስድስት መስመር አሥራ አምስት ዲግሪ ገደማ ይርቃል። እኔ በአሥራ አምስት በአሥራ አምስት ስላሰመርኩ አሥራ አምስት ዲግሪ ላይ ያለው የእኔ አምስት ሰዓት ነው። አራት መስመር ስሌት ነው የፈጀው። ደብተሬን ዘጋሁ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። እስከ ባለፈው ወር አልተናገርኩም፤ ምክንያት የለኝም።

ባለፈው ወር አያቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ዛሬ ዳር ዳሩንም አያይም። እናቴ ጓዳ ልብስ ታጥፋለች። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ እጁን እጄ ላይ አደረገ፤ እንደዚያ ነው የሚያወራው አሁን።

«አባባ፣ የዚያን የፀሐይ ሰዓት መስመሮች በደወሉ አላሰመርኩም» አልኩት። «ስድስትን ብቻ ነው። ሌላውን በፕሮትራክተር ነው።»

«አሥራ አምስት አሥራ አምስት ዲግሪ» አለ።

ቁጥሩን አልነገርኩትም ነበር።

«ታውቅ ነበር?»

«ስድስት ላይ ልክ ሆኖ ሁለት ላይ አምስት ካለ ሌላ ምን ይሆናል? ሰውየውም እኩል ነው ብሎኛል። ያን ዕለት ከአትክልቱ ተነስተን ቤት ሳንደርስ ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ለምን ዘንጉ ነው ስትል ኖርክ?»

«እናትሽ የምትወቅሰው ነገር ያስፈልጋት ነበር። ብረት ይሻላል ብዬ ነው።»

«አልከበደህም?»

«ከብዶኛል» አለ። «ዘንግ አጣመመ መባል እኔን ከብዶኛል።» ከዚያ ፈገግ አለ። «አንድ ቀን ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅኩ። በሕይወትሽ ያልተቻኮልሽበት ነገር ይሄ ብቻ ነው።»

እናቴ የታጠፉ ፎጣዎች ታቅፋ ገባች። ጣቶቿ የብዙ ዓመት የካውያ ጠባሳ አለባቸው።

«ነይ እስቲ» አላት አያቴ። ድምፁ ቀሎታል፤ ከዓመታት በፊት ከተማሪዎቹ ጋር ሲቀልድ የነበረው ድምፁ ነው። «ያ ዘንግ ልክ ነበር።»

«የቱ ዘንግ?»

«የተቋሙ። ልጅሽ ትነግርሻለች።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ፎጣዎቹን አላስቀመጠችም። «ምኑን ነው የምትነግሪኝ?» አለች።

ማለት ያለብኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከአንድ ደቂቃ በፊት ብዬዋለሁ።

«አሰላሁት» አልኳት። «ዘንጉ ልክ ነበር። መስመሮቹ ናቸው የተበላሹት። ድንጋይ ጠራቢው ነው፤ ሲጠርብ ስቶት።»

«እኔ እኮ ያን ሰውዬ ድሮም አላመንኩትም» አለች እናቴ። ፎጣዎቹን ወንበር ላይ ጣለቻቸው። «አሥራ ስድስት ዓመት አንተን ስወቅስ። ይቅር በለኝ አባዬ።»

አያቴ እጁን ከእጄ ላይ አነሳ።